ታፑታፑአቴአ፦ የፖሊኔዥያ የድንጋይ መቅደስና ወደ እርሱ የመጡ እንግዶች

ፓሲፊክ በሚባለው ታላቅ ውቅያኖስ ላይ፥ በሰሜን የሃዋይን ደሴቶች፥ በደቡብ ምዕራብ ኒው ዚላንድን፥ በደቡብ ምሥራቅም የፋሲካ ደሴት የምትባለውን ራፓ ኑይን በመስመር ቢያገናኙ እጅግ ሰፊ የሆነ ሦስት ማዕዘን ይገኛል። ይህ ክፍል ፖሊኔዥያ ይባላል፤ ትርጓሜውም በግሪክ ቋንቋ «ብዙ ደሴቶች» ማለት ነው። በዚህ ስፋት ውስጥ ተበታትነው የሚኖሩት ሕዝቦች ቋንቋቸው ከአንድ ግንድ የወጣ ነው፤ የጥንት አማልክታቸውም ስም ከደሴት ወደ ደሴት በጥቂቱ ብቻ ይለዋወጣል። በየባሕሩ ዳርቻና በየሸለቆው ከድንጋይ የሠሯቸው የአምልኮ ቦታዎች እስከ ዛሬ ይታያሉ። ከነዚህም መካከል ስሙ እጅግ የገነነው በራያቴአ ደሴት፥ በኦፖአ የሚገኘው ታፑታፑአቴአ ነው። የዚህን ቦታ ታሪክ ለመረዳት ግን ድንጋዩን መለካት ብቻ አይበቃም፤ ወደዚያ ማን እንደ መጣና እንዴት እንደ ገባ ጭምር መመርመር ያስፈልጋል። (በዚህ ጽሑፍ የተመለከቱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ራያቴአ ከታሂቲ ወደ ሰሜን ምዕራብ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ የምትገኝ ተራራማ ደሴት ናት፤ በጥንት ዘመን ሃቫይኢ ትባል ነበር። ጥቃቅን የባሕር ፍጥረታት የሚሠሩት ኮራል የተባለ ድንጋይ እንደ አጥር ሆኖ ዙሪያዋን ከቧታል፤ ከአጥሩ ውጭ የውቅያኖሱ ማዕበል ሲጮኽ፥ ከውስጥ ያለው ውሀ ግን እንደ ሐይቅ ጸጥ ያለ ነው። በዚህ አጥር ላይ ታንኳና መርከብ የሚያሳልፉ በሮች አሉ። በኦፖአ ትይዩ ያለው በር ቴ አቫ ሞአ ይባላል፤ ይኸውም «የተቀደሰው መግቢያ» ማለት ነው። ከዚህ በር ወደ ውስጥ የሚገባ መርከበኛ በፊቱ ወደ ውሀው ሾጠጥ ብሎ የወጣ ዝቅተኛ መሬት ያያል፤ መቅደሱ ያለው በዚያ ላይ ነው። በስተኋላው በደን የተሸፈኑ ሸለቆዎች፥ በፊቱ ባሕሩ፥ ከባሕሩም ወዲያ ውቅያኖሱ አለ። ስፍራው የተመረጠው እንዲሁ በአጋጣሚ አይደለም፤ ከየብስ የሚመጣውና ከባሕር የሚመጣው የሚገናኙበት ደጅ ስለ ሆነ ነው።

እንዲህ ያለው የአምልኮ ቦታ በአገሩ ቋንቋ ማራኤ ይባላል። የቃሉ መሠረታዊ ትርጉም የተመነጠረና የጸዳ ሜዳ ማለት ነው። በታሂቲና በአካባቢዋ ባሉት ደሴቶች ማራኤው በድንጋይ የተነጠፈ አራት ማዕዘን ግቢ ሆኖ፥ በአንዱ ጫፍ አሁ የሚባል ከፍ ያለ የድንጋይ መደብ አለው። የታፑታፑአቴአ አሁ ርዝመቱ 40 ሜትር ገደማ፥ ወርዱም 7 ሜትር ገደማ ሲሆን፥ ዙሪያው ከሰው ቁመት በሚበልጡ የኮራል ሰሌዳዎች የተከበበ ነው። ጣራ አልነበረውም፤ አምልኮው የሚፈጸመው ከሰማይ በታች፥ በታላላቅ ዛፎች ጥላ አጠገብ ነበር። ዛሬ ለጎብኚው የሚታየው ድንጋዩ ብቻ ነው። በጥንት ዘመን ግን በአሁው ላይ የተቀረጹ ሳንቃዎች ይተከሉ ነበር፤ መሥዋዕት የሚቀመጥባቸው የእንጨት መድረኮችና አማልክት የሚጠበቁባቸው ትናንሽ ቤቶችም ነበሩ። እንጨቱን ጊዜና ሰው አጠፉት፤ ስለዚህም የሚታየው የቦታው ዐጽም እንጂ ሙሉ አካሉ አይደለም።

በግቢው ውስጥ ቀጥ ብለው የቆሙ ድንጋዮች ጌጥ አልነበሩም። አለቆችና ካህናት በሥርዐት ጊዜ በየማዕረጋቸው ተቀምጠው የሚደገፉባቸው ነበሩ፤ አንዱም ድንጋይ የአንድ ስምና የአንድ ትውልድ ምልክት ነበር። ከታላላቆቹ ማራኤዎች ሌላ እያንዳንዱ ዘር የራሱ ማራኤ ነበረው። አንድ ሰው በአንድ መሬት ላይ መብት እንዳለው ለማስረዳት ሲፈልግ የማራኤውን ስምና እስከዚያ የሚያደርሰውን የትውልድ ሐረግ ይቈጥር ነበር። ጽሕፈት ባልነበረበት አገር ማራኤው ቤተ ጸሎትም፥ የርስት መዝገብም፥ የመቃብር ስፍራም ነበር ማለት ነው። በታፑታፑአቴአ አጠገብ ያለው ሃውቪሪ የተባለው ማራኤ ለዚህ ምስክር ነው፤ በዚያ ቆሞ በሚገኘው ረጅም ድንጋይ ዘንድ የራያቴአ ታላቅ አለቃ ከቀይ ላባ የተሠራውን የሹመት መታጠቂያ ይታጠቅ ነበር።

ቦታው በመጀመሪያ የሁሉ ፈጣሪ ለሚባለው ለታአሮአ የተሰጠ እንደ ነበረ በአፈ ታሪክ ይነገራል፤ በኋላ ግን የታአሮአ ልጅ የሚሉት የጦርነትና የልምላሜ አምላክ ኦሮ ገነነበት። የኦሮ ምስል የሰው መልክ ያለው ሐውልት አልነበረም፤ በኮኮናት ቃጫ ጉንጉን የተሸፈነ፥ በቀይና በቢጫ ላባ የተሸለመ እንጨት ነበር። ይህም ከብዙ መጠቅለያ ውስጥ ተሰውሮ ይቀመጥ ስለ ነበረ ሊያዩት የሚፈቀድላቸው ጥቂቶች ብቻ ነበሩ። የመቅደሱም ስም ከዚሁ ከመሰወርና ከመከልከል ሐሳብ ጋራ የተያያዘ ነው። ታፑ ማለት በአንድ በኩል ቅዱስ፥ በሌላ በኩል ክልክል ማለት ሲሆን፥ በአማርኛ «እርም» የሚለው ቃል ወደ ትርጉሙ ይቀርባል። ካፒቴን ጄምስ ኩክ በ1777 ይህን ቃል በቶንጋ ሰምቶ ከጻፈው ወዲህ ወደ አውሮፓ ቋንቋዎች ገብቶ ቀርቷል።

የኦሮ አምልኮ ደም ይፈልግ እንደ ነበረ መሸሸግ አይገባም። ኩክ ራሱ መስከረም 1 ቀን 1777 በታሂቲ በአንድ ማራኤ ላይ የሰው መሥዋዕት ሲቀርብ ተመልክቷል፤ ሰውየው ግን ቀደም ብሎ ተገድሎ ነበር። ለዚህ የሚመረጡት አብዛኛውን ጊዜ ከዝቅተኛው ወገን የሆኑ ናቸው። ስለዚህ የማራኤው ክብር ለሁሉ እኩል ክብር አልነበረም፤ ለአንዱ የሹመት ወንበር ሲሆን ለሌላው የፍርሃት ቦታ ነበር።

የታፑታፑአቴአ ዝና በራያቴአ ብቻ ተወስኖ አልቀረም። በአፈ ታሪክ እንደሚነገረው፥ አዲስ መቅደስ ለመሥራት የሚሻ አለቃ ከኦፖአ አንድ ድንጋይ አስመጥቶ በመሠረቱ ያኖረው ነበር። በታሂቲ፥ በሞኦሬአ፥ በራሮቶንጋም ታፑታፑአቴአ የተባሉ ማራኤዎች ነበሩ፤ በሃዋይም በኦአሁ ደሴት ካፑካፑአኬአ የሚል ስም ያለው መቅደስ ነበር፤ ይህም ያው ስም በሃዋይ አነጋገር ነው። ከሩቅ ደሴቶች የሚመጡ ካህናትና አለቆች በኦፖአ እየተሰበሰቡ ኅብረታቸውን በሥርዐት ያጸኑ እንደ ነበረ ይተረካል። ነገር ግን በአንዱ ጉባኤ ጠብ ተነሥቶ ካህን ስለ ተገደለ ቃል ኪዳኑ ፈረሰ፤ እንግዶቹም በተቀደሰው መግቢያ ሳይሆን በሌላ በር ሸሽተው ወጡ፤ ከዚያም ወዲህ በቦታው ላይ እርም ወደቀበት ይላሉ። ይህ ትረካ የተጻፈ ማስረጃ የለውም፤ ይሁን እንጂ በየደሴቱ ሲተላለፍ የኖረ ስለ ሆነ፥ ከጊዜ በኋላ ታላቅ ሥራ እንደ ሠራ ወደ ፊት ይታያል።

የማራኤዎቹ ዕድሜ ለብዙ ጊዜ በግምት ብቻ ይነገር ነበር። ሰዎች በእነዚህ ደሴቶች የሰፈሩት ከዛሬ 1,000 ዓመት ገደማ በፊት እንደ ሆነ የአርኬኦሎጂ ሊቃውንት ያስረዳሉ። የታላላቆቹ መቅደሶች ሥራ ግን ከዚያ በጣም ዘግይቶ የመጣ ነው። ሠሪዎቹ ኮራሉን ከነሕይወቱ ከባሕር እየቈረጡ በግንቡ ውስጥ ያስገቡት ስለ ነበረ፥ በውስጡ ያለውን የዩራኒየምና የቶሪየም መጠን በመለካት ኮራሉ የተቈረጠበትን ዘመን በቅርብ ማወቅ ተችሏል። በዚህ መንገድ በሞኦሬአ ደሴት የተደረገው ምርመራ፥ ማራኤዎቹ ከ1620 እስከ 1760 ገደማ ባለው በ140 ዓመት ጊዜ ውስጥ በፍጥነት እየተለቁና እየተዋቡ እንደ ሄዱ አሳይቷል። ድንጋዩ ከፍ ያለው አለቆቹ እርስ በርሳቸው በተፎካከሩበት ዘመን ነው። የዚህ ፉክክር መጨረሻ በታሂቲ በፓፓራ የተሠራው ማሃይአቴአ ነበር፤ ይህንንም ፑሬአ የተባለችው ባላባትና ባሏ አሞ ለልጃቸው ለቴሪኢሬሬ ክብር አሠሩት። ኩክ በ1769 ሲለካው ርዝመቱ 267 የእንግሊዝ ጫማ ሆኖ 11 ደረጃዎች ነበሩት። ዛሬ ከዚያ ሁሉ የቀረው የድንጋይ ክምር ብቻ ነው።

የመጀመሪያዎቹ አውሮፓውያን ወደ ኦፖአ የደረሱት በዚሁ ዓመት በሐምሌ ወር ነው። ኢንደቨር በተባለችው መርከብ ላይ ከኩክና ጆሴፍ ባንክስ ከተባለው የተፈጥሮ ተመራማሪ ጋራ ቱፓያ ነበረ። ቱፓያ የራያቴአ ተወላጅ፥ የኦሮ ካህንና የባሕር መንገድ ዐዋቂ ሲሆን፥ የቦራ ቦራ ሰዎች አገሩን በወረሩ ጊዜ ወደ ታሂቲ የተሰደደ ሰው ነው። መርከቢቱ ከዚያ ቀደም ብላ ሁዋሂኔ በደረሰች ጊዜ ቱፓያ ወደ አገሩ ሰዎች ከመቅረቡ በፊት እስከ ወገቡ ተራቈተ፤ የመርከቡም ሐኪም እንዲሁ እንዲያደርግ ጠየቀው፤ ከዚያም ንግግር አድርጎ ስጦታ አቀረበ። በእንግድነት መግባት በእነርሱ ዘንድ እንዲህ ነበረ።

ሐምሌ 20 ቀን በኦፖአ የሆነው ግን ከዚህ የተለየ ነው። ኩክ ሰንደቅ ዓላማ ተክሎ ደሴቶቹን በእንግሊዝ ንጉሥ ስም ያዘ። ባንክስም ወደ ማራኤው ሄዶ፥ አምላክ ከሚጠበቅባቸው ትናንሽ ቤቶች በአንዱ ውስጥ እጁን አገባ። በውስጡ በሰሌን የተጠቀለለ ረጅም ጥቅልል አገኘ፤ መጠቅለያውንም በጣቶቹ እየቀደደ ሄደ፤ በመጨረሻ ግን ከኮኮናት ቃጫ የተጐነጐነው ሽፋን ስላልበገረለት ተወው። ያደረገው ነገር የአገሩን ሰዎች እጅግ እንዳስቀየመ ራሱ በዕለት መዝገቡ ጽፎታል። ባንክስ ክፉ አሳቢ አልነበረም፤ ማወቅ ብቻ ፈልጎ ነበር። ሆኖም እርሱ ሊያውቀው የሞከረው ነገር ትርጉሙ በመሰወሩ ላይ ስለ ነበረ፥ በተቀደደ መጠን ይጠፋ ነበር እንጂ አይታወቅም ነበር። ምስጢሩን ሊነግረው የሚችለው ሰው ቱፓያ በመርከቡ ላይ ሳለ እጅ ከጥያቄ ቀደመ። ቱፓያም ወደ አገሩ ሳይመለስ በ1770 ባታቪያ ላይ ሞተ።

ከዚያ በኋላ ለውጡ ፈጣን ሆነ። በ1797 የለንደን ሚሲዮናውያን በታሂቲ ሰፈሩ። ፖማሬ 2ኛ በ1815 ጠላቶቹን ድል ካደረገ በኋላ መቅደሶቹና ምስሎቹ በየቦታው ፈረሱ፤ እርሱም በ1816 የቤተ ሰቡን አማልክት ለሚሲዮናውያኑ ሰጠ፤ በ1819 ተጠመቀ። በ1821 የሩሩቱ ደሴት ሰዎች አአ የተባለውን የአምላካቸውን ምስል በባሕር አሳልፈው ወደ ራያቴአ አመጡት፤ ይህንንም ያደረጉት እንደ ጥንቱ በኦፖአ ሊያስከብሩት ሳይሆን ለሚሲዮናውያን ሊያስረክቡት ነው። ምስሉ ዛሬ በለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛል። በሃዋይም በ1819 ወጣቱ ንጉሥ ሊሆሊሆ ከሴቶች ጋራ በአንድ ማዕድ በመብላቱ የጥንቱ የእርም ሕግ ተሻረ፤ ይህም የሆነው ሚሲዮናውያን ከመድረሳቸው በፊት ነው። እንግዲህ ማራኤዎቹን ያፈረሰው የባዕድ እጅ ብቻ አይደለም። ከኦሮ ፍርሃት መላቀቅን የወደዱ የአገሩም ተወላጆች እጅ አለበት። ይሁን እንጂ ከደሙ መሥዋዕት ጋራ የትውልዱ መዝገብም አብሮ ተጣለ፤ ጉዳቱም የተሰማው በኋላ ነው።

ይህን ጉዳት ከሁሉ አብልጦ የተናገረው ቴ ራንጊ ሂሮአ ነው። በአውሮፓውያን ዘንድ ፒተር በክ የሚባለው ይህ ሰው እናቱ ማኦሪ፥ አባቱ አየርላንዳዊ ሲሆን፥ ሐኪምና የሥነ ሰብእ ሊቅ ነበር፤ በኋላም በሆኖሉሉ የቢሾፕ ሙዚየም ዲሬክተር ሆኗል። አባቶቹ ከሃቫይኢ ወጡ ሲባል ሰምቶ ያደገ ስለ ነበረ፥ በ1920ዎቹ መጨረሻ ወደ ኦፖአ የሄደው ለጥናት ብቻ አልነበረም፤ እንደ ተሳላሚ ነበር። ሲደርስ ግን የሚቀበለው ሰው አላገኘም። የፈረሰ ድንጋይና ዝምታ ብቻ ጠበቁት፤ ሙታኑም ሊያናግሩት አልቻሉም። ሐዘኑን በ1938 ባሳተመው መጽሐፍ ገልጾታል። ለእርሱ ነገሩ ይበልጥ የከበደው በአገሩ በኒው ዚላንድ ማራኤ ሕያው በመሆኑ ነው። በማኦሪዎች ዘንድ ማራኤ በመሰብሰቢያው ቤት ፊት ያለው ሜዳ ሲሆን፥ እንግዳ ዝም ብሎ አይገባበትም፤ ከደጅ ቆሞ ይጠብቃል፤ የቤቱ ሴቶች በዜማ ይጠሩታል፤ ከዚያ በኋላ በንግግር ዘሩንና አገሩን ያስታውቃል። በኦፖአ ግን የሚጠራ ድምፅ አልነበረም።

ድንጋዩን ከጥፋት ያዳኑት የሥነ ቅርስ ሊቃውንት ናቸው። ኬኔት ኤሞሪ በ1920ዎቹ የእነዚህን ደሴቶች ማራኤዎች እየዞረ ለክቶ ውጤቱን በ1933 አሳተመ። ከ1960ዎቹ ጀምሮ ዮሲሂኮ ሲኖቶ በሁዋሂኔ በማኤቫ መንደርና በሌሎችም ቦታዎች የወደቁትን ግንቦች አስነሣ። በራፓ ኑይም በአሁ ቶንጋሪኪ ላይ የነበሩት 15 ታላላቅ ሐውልቶች በ1960 የተነሣ የባሕር ማዕበል ወደ የብሱ ውስጥ ጠርጎ ከበተናቸው በኋላ በ1990ዎቹ መልሰው ቆመዋል። ይህ ሁሉ ሊመሰገን የሚገባው ሥራ ነው። ሆኖም ድንጋይ በማቆም ቦታውን ማዳን እንጂ ጥሪውን መመለስ አይቻልም፤ ይህን ሊያደርጉ የሚችሉት የቦታው ልጆች ብቻ ናቸው።

ይህም በባሕር መንገድ መጣ። በ1976 ሆኩሌአ የተባለች በጥንቱ ሥርዐት የተሠራች ጥንድ ታንኳ ያለ ምንም የመርከብ መሣሪያ፥ በከዋክብትና በማዕበል ምልክት ብቻ ከሃዋይ ወደ ታሂቲ ተጓዘች። መሪዋ የማይክሮኔዥያው ተወላጅ ማው ፒያይሉግ ነበር፤ በፖሊኔዥያ ጥበቡ ጠፍቶ ስለ ነበረ ከጎረቤት ሕዝብ መማር አስፈልጓልና። በ1995 ደግሞ ከሃዋይ፥ ከኒው ዚላንድ፥ ከራሮቶንጋና ከታሂቲ የተነሡ ታንኳዎች በኦፖአ ተሰበሰቡ። በቴ አቫ ሞአ፥ በተቀደሰው መግቢያ፥ ተራ በተራ ገቡ። ከዳር ቆመው የሚጠብቋቸው ሰዎች ጠሯቸው፤ እነርሱም ከየት እንደ መጡና የማን ልጆች እንደ ሆኑ በዜማ መለሱ። በዚያም ሥርዐት አባቶች እርስ በርስ በተጋደሉ ጊዜ የወደቀው የጥንቱ እርም እንዲነሣ ተደረገ። ያ የተጻፈ ማስረጃ የሌለው ትረካ በብዙ ሺሕ ኪሎ ሜትር ባሕር የተለያዩ ሰዎችን አንድ ቀን በአንድ ግቢ አቆመ። ኦሮ አልተመለሰም፤ መሥዋዕቱም አልተመለሰም፤ የደሴቱ ሕዝብ ክርስቲያን ነው። የተመለሰው የትውልድ ሐረግ መቍጠር ነው።

በ2017 ታፑታፑአቴአ በተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፥ የሳይንስና የባህል ድርጅት በዓለም ቅርስ መዝገብ ተጻፈ። የተመዘገበውም የድንጋዩ ግቢ ብቻ አይደለም፤ ከ2,000 ሄክታር በላይ የሆነ ቦታ ሲሆን፥ በውስጡ ሁለት ደናማ ሸለቆዎች፥ ከኮራሉ አጥር ጋራ የተከበበው ባሕር፥ ከአጥሩም ውጭ የውቅያኖሱ ከፊል ይገኛሉ። ይህም አከላለል የጥንቶቹ ሰዎች ቦታውን እንዴት ያዩት እንደ ነበረ የሚያሳይ ነው፤ ለእነርሱ መቅደሱ የሚጀምረው ከድንጋዩ ሳይሆን ከባሕሩ በር ነበርና።

ዛሬ ወደ ኦፖአ የሚሄደው ጎብኚ አብዛኛውን ጊዜ በየብስ፥ ከኡቱሮአ ከተማ በሚመጣው መንገድ ይደርሳል። በአሁው ላይ እንዳይወጣ፥ ድንጋይ እንዳያነሣ፥ የቆሙትንም እንዳይገፋ ይነገረዋል። ይህ ትእዛዝ ለቅርስ ጥበቃ ብቻ የወጣ ደንብ ሊመስለው ይችላል፤ ነገር ግን ከዚያ የቆየ ነው። አንድ ሰው በዚያ ቦታ እጁን ከመዘርጋቱ በፊት ስሙን መናገር፥ ከመግባቱም በፊት መጠራት እንደሚገባው ቱፓያ ያውቅ ነበር። ባንክስ ግን ሳይጠራ ገባና የጨበጠው የተቀደደ ሰሌን ብቻ ሆነ።